አምቡሊ ውስጥ የጠፋው መቃብር

ጅቡቲ፣ አምቡሊ ሰፈር በቤት ሠራተኝነት በምኖርበት ቤት፣ የአሠሪዬ አባት ዓይናቸው ፈዟል። አንድ ጠዋት ልጃቸው ሥራ እንደሄደ "ወደ እናቴ መቃብር ውሰጂኝ" አሉኝ። አምቡሊ በልጅነታቸው ቴምርና አትክልት የሞላባት መንደር እንደነበረች በአረብኛ እያወሩኝ፣ እኔ በመኪኖች መሃል እያሻገርኳቸው ሄድን። ከሰፈሩ መስጊድ በር ጀምረው እርምጃቸውን ቆጠሩና አንድ ጋራዥ ውስጥ ቆሙ። "የአትክልት ቦታችን ይኼ ነው። እናቴን የውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ነው የቀበርናት" አሉ። መካኒኩ ደንግጦ "አባባ፣ እኔ ከሌላ ሰው ስገዛው ባዶ መሬት ነበር" አላቸው።

"ማነው የሸጠብዎት?" አልኳቸው፣ ተናድጄ።

"እኔው ነኝ። ልጄን ላስተምርበት ብዬ ሸጥኩት። መቃብር እንዳለበት ለገዢው አልነገርኩትም።"

ዘይት የጠጣው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ። መካኒኩ ማሽኑን አጥፍቶ ጠበቃቸው።

ስንመለስ "ያንቺስ እናት የት ተቀበረች?" አሉኝ።

"ድሬዳዋ ነው አሉኝ። እኔ እዚህ ነበርኩ" አልኳቸው።

እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ፤ ቤት እስክንደርስ አልለቀቁኝም።