ድምፅ የሌላቸው ቁልፎች

— ሄሎ… አቤት። ማን ልበል?… ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ? ቆይ፣ ቆይ፣ እጄ በሙጫ ተለውሶ ስልኩን በክርኔ ነው የነካሁት። ጨርቅ ልፈልግ፣ እንዳትዘጋው።

— አንተ፣ ሳጥኑ ነው የደወለው… አዎ፣ ወንድሜ ሳጥኑ። ሰላም በይልኝ ነው የምትለው? እሱም ሰላም ብሎሃል። በል ያንን የሙጫ ክዳን ግጠምልኝ፣ ሊደርቅብን ነው።

— እሺ፣ መጣሁ። ባሌ ነው፣ ሁሌ ክዳን ከፍቶ ይሄዳል። ደህና ነህ? ልጆቹስ?… ተመስገን። ሱቁ ሰው አለው?… ከሌለማ ጥሩ፣ ዛሬ ጆሮህን ነው የምፈልገው።

— ደርሷል፣ ደርሷል፣ የላክልኝ የጌም ማሽን ዕቃ። ሹፌሩ ካርቶኑን በር ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ፣ እግዜር ይስጠው። ሁለቱም ጆይስቲክ፣ ቁልፎቹም በሙሉ… አይ፣ አንድም አልተሰበረም። ገጥሜዋለሁ። ትናንት አልቋል።

— እ?… ድምፄ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። የእንጨት ብናኝ ነው… ብናኝ ነው አልኩህ እኮ፣ ሳጥኑ።

— ማሽኑማ ምን ይወጣለታል። ድሮ አባዬ ጌም ቤት በሩ ጥግ የነበረውን ነው ቁርጥ። ጎኑ እንደዚያው ወገቡ ጋ ሰብሰብ ያለ፣ ግንባሩ ወደ ፊት የወጣ። የላይ ቤቷ ሴትዮ መጥታ ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ ስኳርና ጨው የሚቀመጠው የቱ ጋ ነው አለችኝ… ሳቅ፣ ሳቅ። ዕድሜዬን ሙሉ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ስሠራ ኖሬ ሌላ ምን ትጠብቃለህ? ማጠፊያው እንኳ ያው የወጥ ቤቱ ነው።

— አባዬ እዚሁ ነው። ማሽኑ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ… ጆሮውማ ከኔም ከአንተም ይሻላል፣ የጠፋው ዓይኑ ነው። ቅድም ብሎን ወደቀብኝና ተንበርክኬ ስፈልግ፣ ‘እመቤት፣ በግራዎ በኩል ነው የተንከባለለው’ አለኝ። እውነትም በግራዬ ነበር።

— አዎ፣ አሁንም እመቤት ነኝ። አሁንም አንቱ ይለኛል… አይ፣ አንድ ቀንም አልተሳሳተም። እንግዳ ሆኖ ሰው ቤት ያለ ነው የሚመስለው። ሳህን ባቀበልኩት ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ሊል ይሞክራል። አመሻሽ ላይ ባርኔጣውን ይፈልግና፣ ‘ብዙ አስቸገርኳችሁ፣ ልሂድ’ ይላል። የት ትሄዳለህ አባዬ ስለው፣ ቤቴ፣ ልጄ ብቻዋን ናት ይለኛል። ልጁ ማን ናት ታዲያ? እኔው አይደለሁ?

— አላለቅስም… አባዬ፣ አንተን አይደለም፣ ስልክ ነው። ተቀመጥ፣ ተቀመጥ… ሥራዎን አይፍቱ በኔ ይለኛል ደግሞ። አየህ ጨዋነቱን። ጨዋነቱ ነው የሚገድለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

— ለዚህ አይደለም እንዴ ማሽኑን የሠራሁት? በዚህ ዕድሜዬ ጌም አምሮኝ መሰለህ? ረሳኸው እንዴ፣ አባዬ ጀርባውን ሰጥቶን የተቃጠለ ቦርድ ሲበይድ፣ ማን እንደሚጫወት በቁልፉ ድምፅ ብቻ ይለይ አልነበር?… አዎ፣ የዳቦ ቤቱን ልጅ። ዞር እንኳ ሳይል፣ ማሽኑ ምን በደለህ ይለው ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ፎርፌ በጓሮ ሾልኬ ገብቼ፣ ገና ሁለት ሦስቴ ስመታ ያውቀኝ ነበር። ስለዚህ ምን አልኩ? መልኬን አያይም። ስሜን ረስቶታል። ድምፄንም የሌላ ሴት አድርጎታል። እጄን ግን አይረሳውም አልኩ። እዚያ ቆሜ ስመታ ቢሰማኝ፣ አንዲት ቀን፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ‘አንቺ’ ይለኛል ብዬ ነው። ሌላ የፈለግሁት ነገር የለም።

— እኮ ምን ሆነ ትላለህ… እንዴት ብዬ ልንገርህ? አፈርኩ እኮ።

— ይኸውልህ። ትናንት ከሰዓት ሥራው አለቀ። ቤቱን ጠረግሁ፣ ፀጉሩን አበጠርኩለት፣ ደህናውን ኮቱን አለበስኩት። ባሌ እንኳ ሥራውን ትቶ በር ላይ ቆመ። አባዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። የማሽኑን ሙዚቃ ጭራሽ ዘጋሁት፣ እጄ ብቻ እንዲሰማው። ከዚያ ጀመርኩ… አዎ፣ ያችኑ የአውሮፕላኗን ጌም። እጄ ለካ አልረሳም፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ ተጫወትኩ። ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ ዞር ብዬ ሳየው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል። ‘እመቤት፣ መቼ ነው የሚጀምረው?’ አለኝ።

— ሄሎ?… ትሰማኛለህ?… አልሰማኝም ነው የምልህ።

— ምን ይስማ? ቁልፎቹ ድምፅ የላቸውማ። ራሴው አይደለሁ ያዘዝኩህ? ድምፅ የሌላቸውን ላክልኝ፣ ጆይስቲኩም ቋ ቋ የማይል፣ ውስጡ ላስቲክ ያለበት ይሁን ብዬ… አንተማ ጠይቀኸኛል። እንደ ድሮዎቹ የሚጮሁትስ ብለኸኛል። ቆሻሻ ዕቃ እንዳትልክብኝ ያልኩህ እኔ ነኝ። አፌን በቆረጠው።

— እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? እኔም ሌሊቱን ሙሉ ራሴን የጠየቅሁት እሱን ነው። ልማድ ነው፣ ሳጥኑ። እኔ እኮ መሳቢያ ሲጋጭ ከሰማሁ ምግብ የማይወርድልኝ ሴት ነኝ። ቀስ ብሎ የሚዘጋ በር፣ የማይንሿሿ መደርደሪያ፣ እንጀራዬ እሱ ነው። ደንበኛ መጥቶ ከፍቶ ዘግቶ፣ ድምፅ የለውም እኮ ሲለኝ ነው የምኮራው። ለአባዬም የልቤን ልሥራለት አልኩ። የልቤን ስሠራ እጄ የለመደውን ሠራ። ቁልፎቹ አልበቁኝ ብሎ ከሰሌዳው ሥር ስፖንጅ ለጠፍኩበት። ስፖንጅ፣ ይታይህ። እንዲሰማኝ የሠራሁትን ነገር አፉን አፈንኩት።

— ተው አታጽናናኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የኔ ነገር… እህ? አሁንም አሉህ እንዴ? እንደ ድሮዎቹ ያሉት?

— ቀዳዳውማ ያው ነው፣ ስፋቱ አይለያይም። የጨነቀኝ ሌላ ነው። የአሁኖቹ ገፍተሃቸው ጠቅ ብለው እንጨቱን የሚነክሱ ስለሆኑ ከሥሩ ፍቄ አሳስቼዋለሁ። የድሮዎቹ አንገታቸው ረጅም ነው፣ ከሥር በዳዶ ነው የሚጠብቁት። በሳሳ እንጨት ላይ አይወላለቁም?… እ… አይ፣ ልክ ነህ፣ ከሥር ቀለበት ነገር እጨምርበታለሁ። የእንጨት ቀለበት። እሱን ለኔ ተወው።

— ጆይስቲኩ ደግሞ አናቱ ድቡልቡል የሆነውን አይደለም። የአባዬ እንደ እንቁላል ረዘም ያለው ነበር፣ ጨብጠኸው የሚሞላህ… አዎ፣ እሱን። ስፕሪንጉ ጠንከር ያለውን። ጥግ ሲደርስ ቋ የሚለውን። ሲጮህ ጎረቤት ይሰደድ፣ ግድ የለኝም። የላይ ቤቷም ከስኳርና ጨውዋ ጋር ትሂድ።

— መቼ ይደርሳል?… ሳምንት? ለምን?… እሱ ሹፌር የዛሬ ሳምንት ነው የሚመለሰው? ሌላ ሰው የለም?

— አይ… የአባዬ አካሉ ደህና ነው። እሱን አይደለም የምልህ። ሳምንት እሱ እዚህ ይኑር አይኑር በምን አውቃለሁ? በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሄደብኝ ነው። ትናንት ጌም ቤትህ ስለው ፈገግ ብሎ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ብጠይቀው፣ ጌም ምንድነው እመቤት አለኝ። ትናንት ነበር ቀኑ፣ ሳጥኑ። ትናንት ልብ ብሎ ተቀምጦልኝ ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።

— … ምንድነው እሱ?… አሁን የመታኸው ምንድነው?… ቆይ፣ ድገመው እስቲ።

— እሱ ነው። እሱ ራሱ ነው፣ የድሮው ቁልፍ… ዝም በል አንዴ። አባዬ ቀና አለ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ተለጥፎ እንኳ ሰማው። ‘ምን ነበር?’ እያለኝ ነው።

— ስማኝ፣ ስማኝ። ደንበኛ የሚሞክርበት የተገጠመ ሰሌዳ የለህም ባንኮኒው ላይ?… አለ? ጆይስቲክም አለው?… በቃ። ስልክህን አጠገቡ አስቀምጠውና ተጫወት። የአውሮፕላኗን… ምን ስክሪን ያስፈልግሃል? እጅህ ያውቀው የለም እንዴ፣ ሳጥን ላይ ቆመህ እየተጫወትክ ሳጥኑ የተባልክበት ነው… አታሹፍብኝ፣ ሰው ከገባ ይጠብቅ። ቢያንስ አንተን ይወቅህ። አንዳችንን ይወቅ… አልቀናም። ትንሽ እቀናለሁ። በል ምታ።

— አባዬ፣ ስማ እስቲ። ላቅርብልህ… ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ። እንዲህ፣ ጆሮህ ጋ።

— …

— አትቁም። እንዳትቆም ሳጥኑ፣ ጣቱን ጭኑ ላይ እየመታ ነው። ከአንተ ጋር ነው የሚመታው… ፈገግ አለ። ጥርሱ እስኪታይ። እኔ ይህን ፈገግታ ካየሁ ስንት ጊዜዬ።

— ምን አልክ አባዬ?… ‘መጣች’ አለ። መጣች አለ እኮ… ‘ቀልቃላዬ መጣች’ አለ።

— ዝም በል፣ አትናገር። የወንድ ድምፅ ከሰማ ይጠፋበታል። ምታ ብቻ… ቀልቃላ እኔ ነኝ። ከሱ በቀር በዚህ ስም የጠራኝ ሰው የለም፣ አንተም አታውቀውም፣ ሰው ፊት አይለኝም ነበር። ሳጥኑ፣ እኔን ነው የሰማው። ጣትህን ይዤ ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁ? የኔ እጅ ነው ያለህ። በአንተ እጅ እኔን ሰማኝ።

— … ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። ‘አንቺ’ አለ። ሰማኸው? ‘አንቺ፣ ምሳሽን በልተሻል?’ አለ።

— በልቻለሁ አባዬ። በልቻለሁ፣ እዚህ ነኝ፣ አጠገብህ ነኝ።

— …

— ሳጥኑ… ምን አለኝ መሰለህ? ‘እርስዎን አይደለም እመቤት፣ ልጄን ነው’ አለኝ።

— አይ… አይ፣ አታቁም። አንተ ምን አጠፋህ? ምታለት። እኔ እዚህ ጎን ቆሜ እሰማለሁ፣ ለኔም ይበቃኛል… አይበቃኝም፣ ግን ምታለት። ሳይደክምህ አትተው። አሁን ምን እያለህ እንደሆነ ይሰማሃል? ቀስ በይ ይላል፣ ጣትሽን ያምሻል ይላል። ትናንት የኔ ጣት ሲደነዝዝ ያላለውን… ተወው፣ ተወው። የሚጮሁትን ግን ላክልኝ። በሹፌር ካልሆነ በሰው፣ በሰው ካልሆነ በእግርህ አምጣልኝ። ምናልባት…

— ሳጥኑ? ለምን ቆምክ?… ሄሎ?… ሄሎ? ትሰማኛለህ?… ሄሎ?

— …

— ተቋረጠ።

— … አዎ አባዬ። ሄደች።

— በልታለች። ምሳዋን በልታለች፣ አታስብ።

— እሺ… እሺ፣ በሩን አልዘጋባትም።