የዛፍ ሰው ነኝ

ጉደር፣ ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ያለውን አሮጌ አቮካዶ በአዲስ ዝርያ ላዳቅል ሄድኩላችሁ። አንዱ ቅርንጫፍ ጠቁሯል። እኔ ደግሞ ስናገር ሰፈር ይሰማል፤ "ይሄ አበቃለት፣ አይድንም! ዛሬውኑ ካልተቆረጠ ወደ ሌላው ይዛመታል" አልኩ። ሰውዬው አፌን በእጁ ሊይዘው ምንም አልቀረው።

ለካ እናቱ ስኳር አለባቸው። ሐኪም እግራቸው ይቆረጥ ቢልም ልጅየው ነገሩን ደብቋቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ እዚያው መስኮቱ ሥር ተኝተዋል።

"ቶሎሳ፣ ሐኪሙን ቤት ድረስ አመጣኸው?" አሉ ከውስጥ።

"ሃርሜ፣ ስለ ዛፉ ነው" አለ።

እኔ ነገር ላበርድ ብዬ "እውነቱን ነው እማማ፣ የዛፍ ሰው ነኝ" አልኩና መጋዙን በመስኮቱ አሳየኋቸው።

ትክ ብለው አዩት።

"እግሬንም እንዲህ ባለው ነው የሚቆርጡት?" አሉ።