የመኳንንቱ ድንኳን

ድንኳኑን የተከሉት ዝናቡን ፈርተው ነው፤ መቼም የመቱን ዝናብ ታውቁታላችሁ። የድሮ የእንግሊዝ መኳንንትን አለባበስና ግብዣ እያስመሰሉ የሚዝናኑ የከተማችን ወጣቶች ናቸው። ዘጠኙን ነጭ ቀሚስና አራቱን ጥቁር ኮት ወገቤ ቁርጥ እስኪል የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ። አልበቃ ብሏቸው «ስፌቱ ቢተረተርስ?» ብለው ሶር ፏፏቴ ድረስ ወሰዱኝና መርፌና ክር አስይዘው ጥግ ላይ አቆሙኝ።

በደንባቸው፣ አስተዋዋቂው መጥቶ ሳያስተዋውቃቸው ማንም ማንንም አያናግርም። አስተዋዋቂው ደግሞ ከቡሬ ሲመጣ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበታል። ስለዚህ ያን ሁሉ ጥቁርና ነጭ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጭጭ ብለው ተቀምጠዋል። አንድ የአካባቢው ሽማግሌ በዚያ ሲያልፉ ድንኳኑን አይተው ገቡ። «እግዜር ያጽናችሁ» አሉ። መልስ የለም፤ ደንብ ነዋ! ሐዘኑ የከበደ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አንድ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ብዙ ቆይተው ወደ እኔ ዘወር አሉና በሹክሹክታ፣ «ልጄ፣ የሞተው ማን ነው?» አሉኝ።

ታክቶኝ ነበር። «እኔ ነኝ፣ አባባ» አልኳቸው።

ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። አልሳቁም። ቀስ ብለው ተነሱና ወንበራቸውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ታዲያ የሞተ ሰው ቆሞ ይውላል እንዴ? ተቀመጪ» አሉኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጪ ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።