በቡ ዋጊየም ደጃፍ የነበረው በረባሶ

በረባሶ ማለት ካረጀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ፣ በዚያው ጎማ ጠፍር ተወጥሮ፣ በሚስማር የሚያያዝ ጫማ ነው። ዝናብ አያበሰብሰውም፣ ፀሐይ አይሰነጥቀውም፣ ሌባም አይመኘውም፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ዕድሜው ከባለቤቱ ዕድሜ ይረዝማል። በእኛ በሱምበር አደም መንደር ደግሞ ጫማ ደጃፍ ላይ ወልቆ ስለሚቀር፣ ከጫማነቱ ሌላ ተጨማሪ ሥራ አለበት፤ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ለመንገደኛው ይናገራል። ዛሬ በሰባተኛ ቀናቸው ዱዓ ልናደርግላቸው የተሰበሰብንላቸው የቡ ዋጊየም ዜና ሕይወት ያለዚህ ነገር ስለማይሟላ፣ አስቀድሞ ማስረዳቱ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

በእኛ ዘንድ ትልቅ ሴት በክብር ‘ቡ’፣ ትልቅ ወንድ ደግሞ ‘ፓ’ ተብለው ይጠራሉ። ቡ ዋጊየም ከአባታቸው ከፓ ካርቶሞና ከእናታቸው ከቡ ሳኪነም በዚሁ መንደር፣ ከወንዙ ማዶ ካለው የሸክላ መተኮሻ አጠገብ ተወለዱ። የተወለዱበት ዕለት ዋጌ የሚባለው የገበያ ቀን ስለነበረ ስማቸው ብዙም ሳይታሰብበት ወጣ። አባታቸው የጣሪያ ሸክላ እየጠፈጠፉ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩና፣ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጭቃውን በእግራቸው እየረገጡ ያግዟቸው ነበር። ስድስተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ባጠናቀቁ ጊዜ መምህራቸው ቤት ድረስ መጥተው ትምህርቱን እንዲቀጥሉ ቢለምኑም፣ አባታቸው "ማንበብ ትችላለች አይደል? ከዚህ በላይ ምን ልታነብ ነው?" በማለታቸው ነገሩ በዚያው ቀረ።

ቡ ዋጊየም በመንደሩ የታወቁት በሩዝ ነው። ሠርግ በደረሰ ቁጥር የሰፈሩ ሴቶች ቢላቸውንና መክተፊያቸውን ይዘው ወደ ሠርጉ ቤት ጓሮ ይሄዳሉ፤ ሽንኩርት እየላጡ ሰው ያማሉ፣ ኮኮናት እየፈቀፈቁ ይሳሳቃሉ፣ በዚያ ጓሮ ያልታየች ሴት በመንደሩ እንዳለች አትቆጠርም። የሩዙ እሳት ለቡ ዋጊየም የተሰጠ ነበር። እሳቸው የእንፋሎት ድስቱን ክዳን ሳይከፍቱ፣ እጃቸውን ከላዩ አኑረው፣ በስሎ እንደሆነና እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። የጓሮው አለቃ የሆኑት፣ የመንደሩ ሹም የፓ ሙልዮኖ ባለቤት ቡ ሱዳርሚ፣ "የዋጊየም ሩዝ ካልሆነ ሙሽራዋ ራሷ አትበላም" ይሉ ነበር። ሁለቱ በአንድ ዓመት የተዳሩና በአንድ ጭስ ዓይናቸውን ያሻሹ ወዳጆች ነበሩ።

የቡ ዋጊየም ባለቤት ፓ ቱኪራን የጣሪያ ሸክላ በመኪና የሚያመላልሱ ሾፌር ነበሩ። እግራቸው ከመጠን ያለፈ ትልቅ በመሆኑ ገበያ ላይ በልካቸው ጫማ ስላልተገኘ፣ ከራሳቸው መኪና ያረጀ ጎማ በረባሶ ቆርጠው አሠሩ። ከጋብቻቸው አንዲት ልጅ ፑርዋንቲን አፈሩ። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ፓ ቱኪራን በሳንባ ሕመም በዝናቡ ወራት አረፉ። ባለቤታቸው ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነበር።

በእኛ ዘንድ ባሏ የሞተባትም ባሏ የፈታትም ሴት የምትጠራበት ስም አንድ ነው፤ ጃንዳ ትባላለች። ቃሉ አጭር ሲሆን የሚያደርሰው ጉዳት ረጅም ነው። እስከ አርባው ቀን ድረስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ከረመ፤ ከአርባው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሠርግ ቡ ዋጊየም ማልደው ወደ ጓሮው ቢሄዱ፣ ቡ ሱዳርሚ በር ላይ ተቀብለው፣ "ውይ እህቴ፣ አንቺማ ሐዘንተኛ ነሽ፣ እረፊ እንጂ" አሏቸው። ትርጉሙን ለማስረዳት የፈለገ ሰው አልነበረም፤ ሙሽራ ባለችበት ቤት የጃንዳ እጅ ሩዙን ከነካ ሙሽራዋም እንደዚያው ትሆናለች ተብሎ እንደሚፈራ ሁሉም ያውቃል። ቡ ዋጊየም አረፉ። ዕረፍቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዘለቀ።

ለሁለት መቶ ሰው ሩዝ የለመደ እጅ ለሁለት ሰው ማብሰል አልሆነለትም። ሁልጊዜ ይተርፋቸው ነበርና፣ የተረፈውን በሰፌድ ፀሐይ ላይ አስጥተው ለዶሮዎቻቸው ይሰጡ ነበር። ዶሮዎቹ ወፍራሞች ነበሩ።

መንደሩን ማታ ማታ በየተራ ለመጠበቅ በጥበቃው ዳስ የሚቀመጡት ወንዶች ደግሞ በዚያ ባለፉ ቁጥር ለሰላምታቸው አንድ ነገር ይጨምሩበት ጀመር። "ቡ ዋጊየም፣ የጉድጓዱ ገመድ ቢበጠስ እኮ አለን!" ይላል አንዱ፤ ሌላው ደግሞ "አንተ ለሚስትህ ጉድጓድ መቼ ገመድ ገዝተህ ታውቃለህ?" ብሎ ያስቃል። ነገር ግን ጣሪያቸው በእውነት ሲያፈስ የመጣ አልነበረም። ጣሪያ ጠጋኙ ፓ ዳርሶ ተለምነው በመጡ ጊዜም ብቻቸውን አልመጡም፤ ባለቤታቸው መሰላሉን ይዘው ከጠዋት እስከ ቀትር ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ ሲመለከቱ ዋሉ። በመጨረሻም "ይበቃል፣ ውረድ፣ የቀረውን አላህ ያውቃል" አሉ። የቀረው ማፍሰሱን ቀጠለ።

ሲመሽ በሩን አንኳክቶ የሚሸሽ ሰው በበዛ ጊዜ፣ ቡ ዋጊየም የባለቤታቸውን በረባሶ ከአልጋው ሥር አውጥተው፣ አቧራውን አጥበው፣ ጫፉን ወደ ቤት አዙረው ደጃፉ ላይ አስቀመጡት። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ የወንድ ጫማ ያየ መንገደኛ ወንድ አለ ብሎ ያልፋል። በእርግጥም አላፊ አግዳሚው አመነ። መንደሩም አመነ። ያልታሰበው ነገር ይህ ነበር፤ ፓ ቱኪራን መሞታቸውን መንደሩ ስለሚያውቅ፣ ወንዱ ሌላ መሆን ነበረበት።

በሳምንቱ ፓ ሙልዮኖ ከጥበቃዎቹና ከአንድ ጭፍራ ጎረቤት ጋር መጡ። ባለቤታቸው ቡ ሱዳርሚም ከኋላ ነበሩ።

"ቡ ዋጊየም፣ እንግዳ ያሳደረ ሰው ማስመዝገብ እንዳለበት ታውቂያለሽ" አሉ ሹሙ።

"እንግዳ የለም።"

"ጫማው የማን ነው ታዲያ?"

"የባለቤቴ ነው።"

"ባለቤትሽማ ሞቷል!"

"አውቃለሁ፤ እርስዎም ቀብረውታል።"

ጥበቃዎቹ አልጋው ሥር፣ ከቁም ሳጥኑ ኋላና በዶሮው ቤት ውስጥ ፈለጉ፤ ዶሮዎች አገኙ። ወጥተውም በረባሶውን ከበው ይከራከሩ ጀመር። ፓ ዳርሶ "ይሄን የሚያክል እግር በዚህ መንደር የለም፣ ሰውየው ከከተማ ነው" ባሉ ጊዜ፣ ፓ ሙልዮኖ ነገሩን በማስረጃ ለማጠናቀቅ አስበው ይመስላል፣ የራሳቸውን ጫማ አውልቀው እግራቸውን በረባሶው ውስጥ ከተቱ። በልካቸው ነበር። ሳያስቡትም በደስታ፣ "እህ! ለእኔ የተቆረጠ ይመስላል!" አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቡ ሱዳርሚ አልሳቁም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ለቡ ዋጊየም ሰላምታ አላቀረቡም፤ ቡ ሱዳርሚ ሰላም የማይሏትን ሴት ደግሞ ሌላዋ ሰላም አትልም።

ቡ ዋጊየም ግን በረባሶውን አላነሱትም። ቢያነሱት ሰውየው ሄደ ይባላል፣ ቢተዉት አለ ይባላል፤ ሄደ ከሚባለው ሰው አለ የሚባለው ይሻላቸው ነበርና ተዉት። ከዝናብ በኋላ ጭቃውን ያጥቡት ነበር።

የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ ለፑርዋንቲ ሠርግ ሩዙን በእጃቸው ማብሰል። ሠርጉ ደረሰ። የሙሽራ ወላጆች በመድረኩ ላይ ጥንድ ሆነው መቀመጥ ስላለባቸው፣ በወላጅ ወንበር ላይ ታናሽ ወንድማቸው ፓ ሳሚጃን፣ ማለትም ይህን ጽሑፍ የሚያነቡላችሁ ሰው፣ ከባለቤታቸው ጋር ተቀመጡ። ጓሮውን ቡ ሱዳርሚ መሩት። የሙሽራዋ እናት ግን በገዛ ቤታቸው ከጓዳ ተቀምጠው፣ የምርቃቱን ድምፅ በቀርከሃው ግድግዳ በኩል እየሰሙ፣ ለስንብት የሚታደለውን ጣፋጭ በቅጠል ሲጠቀልሉ ዋሉ። በእንፋሎቱ ሽታ ክዳኑ ያለጊዜው እንደተከፈተ ዐውቀው አንድ ጊዜ ቢነሱም፣ በሩ ድረስ ሄደው ተመለሱ። ሩዙ ጥሬ ሆኖ ወጣ። ቡ ሱዳርሚም "ምን ይደረግ፣ ቤቱ ውስጥ ጃንዳ አለች" አሉ።

ፑርዋንቲ ከባሏ ጋር ወደ ሌላ ደሴት ከሄደች በኋላ ቡ ዋጊየም ከአኩሪ አተር የሚዘጋጀውን ቴምፔ እየሠሩ፣ ሰው በማያውቃቸው በሩቁ ገበያ ይሸጡ ነበር። በዚያ ደንበኞቻቸው "ባለቤትዎ እንዴት ናቸው?" ሲሏቸው፣ "ደኅና ነው፣ ጫማው ደጃፍ ላይ ነው" ይሉ ነበር። ውሸት ተናግረው አያውቁም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ፓ ሙልዮኖ በድንገት አረፉ። አርባቸው ካለፈ በኋላ በነበረው ሠርግ ቡ ሱዳርሚ ቢላቸውን ይዘው ወደ ጓሮው ሲደርሱ፣ ከእሳቸው ሥራ የለመደችው ወጣት ሴት በር ላይ ቆማ፣ "ውይ እማዬ፣ እርስዎማ ይረፉ እንጂ" አለቻቸው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቡ ሱዳርሚ በቡ ዋጊየም ደጃፍ ጫማቸውን አወለቁ። ሻይ ቀረበላቸው። በረባሶውን እየተመለከቱ፣ "የሙልዮኖን ጫማዎች ሁሉ ልጆቹ ለመስጊድ ሰጡብኝ" አሉ። "ማታ ማታ በሩን ይመቱታል። አበድሪኝ።"

"ይሄንን?"

"ለእሱም ልክ ነበር እኮ።"

ቡ ዋጊየም አሰቡበት። "አይሆንም እህቴ" አሉ። "ጫማውን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። አንቺ ደጅ ካዩት፣ ቱኪራን ወደ ሱዳርሚ ዞረ ይላሉ።"

ቡ ሱዳርሚ ሻዩ ትን እስኪላቸው ሳቁ፤ ቀጥሎም አለቀሱ። በዚያ ቀን ቡ ዋጊየም ሩዝ አበሰሉ፤ ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ ሳይተርፍ ያለቀ የመጀመሪያው ሩዝ እሱ ነበር። ቡ ሱዳርሚ እንዲህ አራት ወይም አምስት ጊዜ ያህል መጡ፤ ከዚያ ልጃቸው ወደ ከተማ ወሰዷቸው፣ አልተመለሱም። ዶሮዎቹ እንደገና ወፈሩ።

ቡ ዋጊየም ባለፈው ዓመት በሆድ ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ዓርብ ማለዳ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። ገላቸውን ለማጠብ የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ መጡ፤ ወንዶቹም በጠራራ ፀሐይ፣ ማንንም ሳይፈሩ፣ ወደ ቤቱ ገቡ። በደጃፉ የወለቀው ጫማ ከደረጃው አልፎ እስከ ጉድጓዱ ደረሰ። ጓሮው ውስጥ ሴቶቹ ለለቀስተኛው ሩዝ አበሰሉ። መጠነኛ ነበር።

ከኋላቸው የቀሩት ልጃቸው ፑርዋንቲ፣ ታናሽ ወንድማቸው ፓ ሳሚጃንና ባለቤታቸው፣ እንዲሁም ሰባት ዶሮዎች ናቸው። ፑርዋንቲ ባለፈው ዓመት ከባሏ በፍቺ ተለያይታ የተመለሰች ሲሆን፣ አሁን በእናቷ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። አላህ የቡ ዋጊየምን ጉድለት ይቅር ብሎ፣ ቀብራቸውን አስፍቶና አብርቶ፣ እንግዳ አለሽ ወይ ተብለው ከማይጠየቁበት ደጅ ያስገባቸው፤ ለእኛም ለቀረነው መጽናናቱን ይስጠን።

በመጨረሻም ቤተሰቡ አንድ ነገር ያሳስባል። ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ጫማውን አጥልቆ ሲበተን በረባሶው ጠፍቷል። የወሰዱት ሰው በስሕተት እንደሆነ እናምናለንና ቢመልሱ ይመሰገናሉ። በምትኩ የተተወው ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ፣ የወንድ፣ እስከ ዛሬ ድረስ በፑርዋንቲ ደጃፍ ይገኛል። የማን እንደሆነ ከትናንት ጀምሮ በጥበቃው ዳስ እየተጠየቀ ነው።