ቤት ተጠንቶ የመጣ ጥያቄ

«አንቺ ልጅ፣ ጥያቄ ታበዣለሽ፤ ባልሽ ይመልስልሽ።» ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪዬ ያለኝ ነው። አልዋሸም፤ በዚያው ዓመት ተዳርኩ። አሁን ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ተማሪ እየጠየቀ የሚማርበት አዲስ ዘዴ ጀምረናል ብሎ ወላጆችን ጠራና የደምበጫን ገበያ ትቼ ሄድኩ። ከወረዳም እንግዶች መጥተዋል። መምህሩ «ልጆች፣ የመጣላችሁን በነጻነት ጠይቁ» አለ። የሚመጣላቸውን ግን ቀድሞ ራሱ አድሏቸዋል፤ የልጄን ድርሻ ቤት ከነመልሱ ስትሸመድድ ሰምቻታለሁ። መልሶቹም ሰሌዳው ላይ ተጽፈው በጆንያ ተሸፍነዋል። አንድ ልጅ በጠየቀ ቁጥር መምህሩ ጆንያውን ገለጥ ያደርጋል፣ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ።

የልጄ ተራ ደረሰ። «ቲቸር፣ ተክል ያለ ብርሃን አይበቅልም ብለውናል። ታዲያ ባቄላ አፈር ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀብሮ እንዴት ይበቅላል?»

መምህሩ ሊገልጥ የያዘውን ጆንያ ለቀቀ። «ያንቺ ጥያቄ እሱ አይደለም፤ ተቀመጪ።»

እንግዶቹ ለዚህም አጨበጨቡ። ልጄ አቀርቅራ ተቀመጠች። እኔም ያኔ እንዲሁ ተቀምጬ ነው ሳልነሳ የቀረሁት። ቤት እንደገባን ሁለት ጣሳ አፈር ሞላሁና ባቄላ ዘግኜ ሰጠኋት። ስትዘራ አንዱን ጣሳ ደጅ አስቀመጥን፤ ሌላውን አልጋ ሥር አስገባሁና በጆንያ ሸፈንኩት።