ሙሴ የተሻገረበት አሸዋ

(በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ምጽዋ፣ ከወደቡ ራቅ ብላ ባሕሩ ሲጎድል ብቻ ብቅ የምትል የአሸዋ ጉብታ፤ ጀልባ ነጂው ሳልሕ ጀልባው ውስጥ፣ ለሽርሽር የመጡት ወይዘሮ አንጓች ጫማቸውን አውልቀው አሸዋው ላይ፤ ፀሐይ ዘቅዝቃለች፣ ውሃውም መሙላት ጀምሯል።)

ሳልሕ፦ እማማ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምለምንዎ፤ ይግቡ!

አንጓች፦ የመጨረሻህ ስንት ነው? ቅድምም የመጨረሻዬ ነው ብለኸኝ ነበር። አልገባም አልኩ፣ አልገባም።

ሳልሕ፦ ውሃው እየሞላ ነው እኮ! አሁን የቆሙባት አሸዋ ትንሽ ቆይታ የዓሣ መኝታ ናት።

አንጓች፦ ዓሣውም ይተኛ፣ እኔም ልቁም። ምን ያጣላናል?

ሳልሕ፦ ያ ሰላም! ደገኛ ባሕር ሲያይ ወይ ይጮኻል ወይ ይጸልያል እል ነበር። ለካስ ችንካር የሚሆንም አለ። ሙሴ የተሻገረበትን ላሳይዎ አልኩ፣ አሳየሁ። ጫማዎን አወለቁ፣ አሸዋውን ተሳለሙ። በቃ! አሁን ጉርጉሱም ባሕር ዳርቻ ላድርስዎ፤ አብረውዎ የመጡት ማኅበርተኞችዎ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ዓሣ ጥብስ እየበሉ ነው። ካሻዎ አረንጓዴ ደሴት ወርደው ዛጎል ይልቀሙ። ካሻዎ ከተማ እንግባና ከባሕር ድንጋይ የታነጹትን የቱርክ ዘመን ቤቶች ላሳይዎ፤ ከበረንዳቸው ሥር ያለው ጥላ ከምንጭ ውሃ ይበልጣል። የጨው ተራራም አለን፣ ነጭ፣ እንደ እናንተ አገር የጤፍ ክምር።

አንጓች፦ የጤፍ ክምር ነጭ ሆኖ አይተሃል?

ሳልሕ፦ የት አባቴ ልየው?

አንጓች፦ ያላየኸውን ማሳየት ለምደሃል ማለት ነው።

ሳልሕ፦ እሺ፣ ጨውም ይቅር። ያቺንስ አላዩዋትም? ከደሴቲቱ ጀርባ መልሕቅ የጣለችውን ሳንቡክ? ዛጎል ጭና ዛሬ ሲመሽ ወደ የመን ትነሣለች። ያ ትልቅ ሸራዋ ነፋስ ሲበላ ለማየት ፈረንጆች ካሜራ አንግተው ይመጣሉ።

አንጓች፦ አይቻታለሁ። ከመጣን ጀምሮ እሷን ነው የማየው።

ሳልሕ፦ ታዲያ ይግቡና ቀርበው ይዩዋት! ጀልባዬም እንደሆነች በከረጢትዎ ጎብጣለች። ምንድን ነው የያዙት፣ ወፍጮ ነው?

አንጓች፦ በሶ ነው።

ሳልሕ፦ ይሄን ሁሉ? ለግማሽ ቀን ሽርሽር?

አንጓች፦ ሽርሽር የት እንደሚያደርስ ማን ያውቃል? አሁን በሶውን ተወውና አንድ ነገር ንገረኝ። ሙሴ ምጽዋ ምን ሊሠራ መጣ?

ሳልሕ፦ እ?

አንጓች፦ ከግብፅ ወጥቶ ወደ ሲና የሚሄድ ሰው በየት ዞሮ እዚህ ይደርሳል? ለሽርሽር? የእኛ ደብር ሰነፉ ዲያቆን እንኳ የተሻገረበትን ያውቃል፤ ወደ ላይ ነው፣ በግብፅ ጥግ።

ሳልሕ፦ እንግዲህ እማማ… ባሕሩ አንድ አይደል? ሙሳ እዚያ ሲከፍለው ውሃው እዚህም ሳይናወጥ አልቀረም።

አንጓች፦ ይሄ መልስ ለማኅበርተኞቼ ይበቃል።

ሳልሕ፦ እሺ፣ ዋሸሁ! እንጀራ ነው። ሆቴሉ ግቢ ቆሜ «ኑ፣ አሸዋ ላሳያችሁ» ብል ማን ይከተለኛል? ዋሾ ነኝ፤ ጀልባዬ ግን አትዋሽም፤ ይግቡ።

አንጓች፦ ይህን ውሸት መጀመሪያ የሰማሁት ካንተ መሰለህ? አዲስ አበባ ነው የሰማሁት። ከልጄ ጓደኛ።

ሳልሕ፦ …ምን ብሎ?

አንጓች፦ ልጄ ቢያድግልኝ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ወረቀት በትነሃል ተብሎ ይፈለግ ጀመር። የሚሸሽ ለት ለጓደኛው «ምጽዋ ላይ ሙሴ የተሻገረበትን የሚያሳይ ሰው አለ አሉ፤ እሱ ጋ ነኝ» ብሎት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ድምፁም የለ፣ ወሬውም የለ። እኔ ትናንት ሆቴሉ ግቢ ተቀምጬ ስትጮኽ ሰማሁህ፤ «ሙሴ የተሻገረበትን ላሳያችሁ!»

ሳልሕ፦ ሞላ እኮ አገሩ በሙሴ! እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። በበዓል ሰሞን እንግዳ አመላልሳለሁ። ሰው አሻግሬ አላውቅም።

አንጓች፦ አሻገርክ መቼ አልኩህ? ስማኝ ልጄ። አባቱ ሞቷል ብሎ ቆርጧል። ዘመድ አዝማዱ «የልጃችን ነፍስ ያለ ተዝካር ትንከራተት?» እያለ ደጄን ያንኳኳል። ቄሱ ደግሞ «በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ማውጣት ነውርም ኃጢአትም ነው» ይላሉ። ገብሱ ተሰፍሮ፣ ጌሾው ተወቅጦ ተቀምጧል። እኔ መሐል ቆሜ አላለቅስ፣ አልስቅ። ቁርጥ ያጠግባል። ሞቷል በለኝ፣ አልቅሼ ጀልባህ ውስጥ እገባለሁ። አለ በለኝ፣ እልል ብዬ እገባለሁ። ዝም ካልከኝ ግን እዚሁ ነኝ።

ሳልሕ፦ አላውቅም።

አንጓች፦ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ።

ሳልሕ፦ አላውቅም አልኩ!

አንጓች፦ ውሃው እኔ ጋ ነው፤ አንተን ምን አራሰህ?

ሳልሕ፦ ላብ ነው! ምጽዋ ነው፣ ሁሉም ያልበዋል። ማነው የላከዎ?

አንጓች፦ ማን ይልከኛል?

ሳልሕ፦ ነጭ ለባሽ ድሮ ኮት ነበር የሚለብሰው፤ አሁን ነጠላም ጀምሮ ይሆናል። ባለፈው አንዱ ጎብኚ ነኝ ብሎ መጣ። ዶልፊን ሳሳየው የሰው ስም ይጠይቀኛል! «ያቺ ትዘላለች» ስለው «አብዱ የሚባል ታውቃለህ?» ይለኛል።

አንጓች፦ ቀሚሱን እስከ ጉልበቱ አርሶ የሚሰልል ካየህ ለእኔም አሳየኝ።

ሳልሕ፦ ጉልበት ደረሰ?

አንጓች፦ እየደረሰ ነው።

ሳልሕ፦ ወርጄ ተሸክሜ አስገባዎታለሁ፣ ወላሂ!

አንጓች፦ እጅህን አሳርፍብኝና እጮኻለሁ። ያ ወዲያ የሚዞረው የዘበኛ ጀልባ ይሰማል። መጥቶ ሁለታችንንም ይጠይቃል። እኔ የምደብቀው የለኝም። አንተስ?

ሳልሕ፦ እናንተ አገር ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ትሉ የለ? እኔ ዘንዶውን በእጄ ደግፌ አሳፍሬ መጣሁ!

አንጓች፦ ደግፌ እንኳ አትበል። ራሴ ነኝ የገባሁት።

ሳልሕ፦ እማማ፣ ልለምንዎ። ቢሰምጡ ምን ብዬ እገባለሁ? ሆቴሉ በሙሉ ስወስድዎ አይቶኛል። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ ገና አፍ መፍታቷ ነው። ብናገር ወኅኒ፣ ባልናገር ወኅኒ!

አንጓች፦ ሁለቱም ወኅኒ ከሆነ እውነቱን ተናግረህ ግባ። ቢያንስ እንቅልፍ ይወስድሃል።

ሳልሕ፦ ይቀልዳሉ!

አንጓች፦ ውሃ የሚወስደው እያሳሳቀ ነው። እነሆ፣ ጉልበቴን አለፈ።

ሳልሕ፦ ምኑን ልንገርዎ? ልጅዎን በምን አውቀዋለሁ? ሲመጡ ስም አይናገሩም፣ እኔም አልጠይቅም። ፊታቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው…

አንጓች፦ ሲመጡ? አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቀጥል። ረዥም ነው፣ ቀይ ዳማ።

ሳልሕ፦ ሁሉም ረዥም ናቸው! ሁሉም ከሲታ ናቸው! ተማሪ ሌላ ምን ይሆናል?

አንጓች፦ የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው።

ሳልሕ፦ በዚያ ሰዓት የሚስቅ ሰው የታለና ጥርስ አያለሁ?

አንጓች፦ ወደ ጥልቁ ራመድ አልኩ፤ ወገቤ ደረሰ።

ሳልሕ፦ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ! በዚያ በኩል አሸዋው በአንድ ጊዜ ይቆረጣል፤ ከሥሩ ገደል ነው!

አንጓች፦ ወደዚያ ነው የምሄደው።

ሳልሕ፦ ኧረ በፈጠረዎ! ቆይ! ቆይ… አንድ ልጅ ነበር።

አንጓች፦ ቆሜያለሁ።

ሳልሕ፦ ልጅዎ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሌሎቹን ጀልባዋ ስትናጥ ያስመልሳቸዋል፤ ያ ልጅ ግን ቁጭ ብሎ እጄን እጄን ያያል። ኋላ ብድግ አለና መቅዘፊያውን ነጠቀኝ። «ጋሼ፣ እንዲህ ከሄድንማ ይነጋብናል፤ አምጣው» አለኝ። እኔን! እዚህ ባሕር ላይ ጥርሴን የነቀልኩትን! አንዱን መቅዘፊያ በሁለት እጁ ያዘና አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ እንደ ገንፎ ያማስለው ጀመር። የባሕር ሰው እንዲህ አይቀዝፍም። ጀልባዋ ግን በረረች።

አንጓች፦ …በቀኝና በግራ?

ሳልሕ፦ በቀኝና በግራ። ተንበርክኮ። «ይሄን ጉድ ማን አስተማረህ?» ብለው ሳቀ። ያኔ ነው… ያ አላህ! ፍንጭት ነው! ጥርሱ ፍንጭት ነበር!

አንጓች፦ የኔ ጌታ… የኔ ጌታ። ከዚያስ? የት አደረስከው?

ሳልሕ፦ እዚህችው! የቆሙባት ላይ። ከጉብታዋ ወዲያ ባሕሩ ጥልቅ ስለሆነ ሳንቡኳ እስከ ጫፉ ትጠጋለች። እዚህ አወርዳቸዋለሁ፣ ከዚህ ታነሣቸዋለች። ቀን ቀን እንግዳ እያመጣሁ ሙሴ፣ ሙሴ የምለው ዘበኛው ጀልባዬን እዚህ ማየት እንዲለምድ ነው። ልጁም ጫማውን በእጁ ይዞ እንደ እርስዎ ቆሞ ነበር። «አይዞህ፣ ሙሳ የተሻገረባት ናት፤ ፈርዖን ዋና አይችልም» ስለው እንደገና ሳቀ።

አንጓች፦ ደረሰ ወይ? እሱን ንገረኝ። ደረሰ?

ሳልሕ፦ የሳንቡኳ አለቃ ሲመለስ ነገረኝ። የመን ነው፣ ሆዴይዳ ወደብ። ዓሣ አጥማጆቹ ጋ ሥራ ይዟል። በየዕለቱ በቀዘፋው ይስቁበታል፤ በየዕለቱም ይቀድማቸዋል። ባለፈው ጨረቃ አለቃው ራሱ በዓይኑ አይቶታል።

አንጓች፦ የትኛዋ ሳንቡክ?

ሳልሕ፦ ያችው ናት፣ የቆመችው። ይኸው ተናገርኩ! አንገቴን ሰጠሁዎ! አሁን ይግቡ፣ በልጅዎ ይሁንብዎ!

አንጓች፦ እጅህን ዘርጋ።

ሳልሕ፦ ሳብ… እንዲያ… አልሐምዱሊላህ! እስከ ደረትዎ ርሰዋል። አያልቅሱ እንጂ እማማ፤ አለ ካልከኝ እልል ብዬ እገባለሁ አላሉም?

አንጓች፦ እልል እያልኩ እኮ ነው። ዓይኔ ነው ያልገባው።

ሳልሕ፦ ነጭ ለባሽ ከሆኑ እንግዲህ ለልጆቼ አንድ ነገር ይጣሉላቸው።

አንጓች፦ ልጆችህን ራስህ ታሳድጋለህ። ስምህን ከአፌ የሚሰማ የለም። በል መቅዘፊያውን አምጣ።

ሳልሕ፦ እርስዎ? ይተዉ እማማ፣ ይሄ እኮ ወጥ ማማሰያ አይደለም… ኧረ! …ቀኝ… ግራ… ቀኝ…

አንጓች፦ የደቅ ልጅ ነኝ፣ የጣና ደሴት። ልጄ ዳዴ ያለው ታንኳ ላይ ነው። ማን አስተማረህ አላልከውም?

ሳልሕ፦ ለካ ሲሳፈሩ ጀልባዋ ንቅንቅ ያላለችው! ቆይ፣ ቆይ… የሐይቅ ልጅ ከሆኑ ዋና ይችላሉ ማለት ነው?

አንጓች፦ እሱንም እኔ ነኝ ያስተማርኩት።

ሳልሕ፦ ታዲያ ጉልበቴ ደረሰ፣ ወገቤ ደረሰ እያሉ ነፍሴን ያወጡት…

አንጓች፦ ደረሰ አልኩህ እንጂ እሰምጣለሁ አልኩህ?

ሳልሕ፦ ወላሂ፣ ዘንዶም አይበቃዎትም! …እማማ? ወዴት ነው? ምጽዋ በስተኋላዎ ነው!

አንጓች፦ ምጽዋንማ አሳየኸኝ። ሳንቡኳ በፊቴ ናት።

ሳልሕ፦ አበዱ? ባልዎስ? ማኅበርተኞችዎስ? ጀምበር ልትጠልቅ ነው፣ አሁን ሸራ ትሰቅላለች!

አንጓች፦ ለዚያ ነው የምፈጥነው። አንተ ተነሥና ለአለቃው እጅህን አውለብልብ፤ እኔን አያውቀኝም።

ሳልሕ፦ እዚያ አገር ማንን ያውቃሉ? ምን በልተው፣ ምን… ያ ከረጢት! ሽርሽር ብለው፣ በሶ ብለው… ከቤትዎ ሲነሡ ጀምሮ አስበውበታል!

አንጓች፦ የተዝካሩ ገብስ ነው፣ ቆልቼ ያስፈጨሁት። ባለቤቱ ራሱ ይብላው።