ከባሕር የወጣው መረብ

ወደ ጅቡቲ በምትጓዝ የጭነት መርከብ የኋላ ወለል ላይ፣ ከፕሮፔለሩ ላይ ተቆርጦ የተጎተተ አሮጌ የዓሣ መረብ ተከምሯል፤ የመርከበኞቹ አለቃ ጋሽ ይማም አንዱን ጫፍ ይዘዋል፣ መርከበኛው ደምለው በሌላው ጫፍ ላይ ቆሟል።

ጋሽ ይማም፦ እግርህን አንሳ ብዬሃለሁ፤ እንገፍትረው።

ደምለው፦ አላነሳም። ሕጉን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? መረብም ይሁን ፌስታል ባሕር ላይ አይጣልም።

ጋሽ ይማም፦ እኛ መች ጣልነው? ከባሕር ወጣ፣ ባሕር ይግባ።

ደምለው፦ ጥሎት የሄደው ሰውዬ ረስቶታል፤ መረቡ ግን ማጥመዱን አልተወም። እዚህ የተጠላለፈችውን ኤሊ አያዩም? አጥንቷ ነው የቀረው።

ጋሽ ይማም፦ ካፒቴኑ ወደብ ሳንደርስ ይጥፋ ብሏል። ይዘነው ከገባን ፍተሻው፣ ጥያቄው፣ ጣጣው ብዙ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ።

ደምለው፦ እርስዎን ያስፈራዎት ፍተሻው አይደለም። ቅድም መረቡ ውስጥ እጅዎን ሰደው እሳት እንደነካው ሰው ሲመልሱ አይቻለሁ።

ጋሽ ይማም፦ ጨርቅ ነው።

ደምለው፦ ሱሪ ነው። እኔም አይቼዋለሁ።

ጋሽ ይማም፦ ባሕሩ ስንት ሱሪ ይዞ ይዞራል።

ደምለው፦ ወገቡ ላይ ከውስጥ በኩል ስልክ ቁጥር በክር ተሰፍቶበታል። ዜሮ ዘጠኝ ይላል፣ ጋሼ። የኛው አገር ልጅ ነው።

ጋሽ ይማም፦ አስተግፊሩላህ።

ደምለው፦ በጀልባ ወደ የመን ለሚሻገር ልጅ እናት እንዲህ ትሰፋለታለች። እናቴም ለወንድሜ ሰፍታለት ነበር። ይኸው ዓመት አለፈው፣ የደወለ የለም።

ጋሽ ይማም፦ ቀበቶው እንደታሰረ ነው፣ ደምለው። እጄ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ውስጡ ያለውን አትጠይቀኝ። ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ሥር የሚያቃስት ሰው አለ፤ ይሂድልኝ በቃ።

ደምለው፦ ቢጥሉት የሚተውዎት ይመስልዎታል? እናቴ ለቅሶ አልተቀመጠች፣ ተስካር አላወጣች፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትላለች። የዚህኛው እናት እንኳ ቁርጧን ትወቅ።

ጋሽ ይማም፦ እሺ፣ ይሁን። ቁጥሩን ንገረኝ። መርዶ ያንተ ዓይነት ልጅ አይነግርም፤ የሚነገርበትን እኔ ከሽማግሌ ጋር እመክራለሁ።

ደምለው፦ ዜሮ ዘጠኝን ብቻ ነው ያየሁት።

ጋሽ ይማም፦ የቀረውስ?

ደምለው፦ ሳላየው አጥፌ ሸፈንኩት። የእናቴን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ጋሼ።

ጋሽ ይማም፦ ካፒቴኑን ተወው። ፊትህን ወዲያ አዙርና የእናትህን ቁጥር ቀስ እያልክ ጥራልኝ፤ እኔ ሱሪው ላይ ካለው ጋር አስተያየዋለሁ።